የኮሃሩ እሳት

ቀትር ላይ የጀመረው በረዶ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቁርጭምጭሚት ደርሶ ነበር። የአሥር ዓመቷ ኮሃሩ ከጠዋት ጀምሮ ቤቷ የለችም። እናቷ ቺዙሩ ልጅቷ ትታ የሄደችውን ወረቀት በእጇ ጨምድዳ ለመንደራችን እሳት አደጋ አለቃ ለኦኖዴራ ደጋግማ ታነብለታለች።

«ተራራ ወጥቻለሁ። እንደ ጥንት ሰዎች እውላለሁ። ቢበርደኝ እሳት አለኝ።»

«ልጄ እሳት ማውጣት ታውቃለች» አለች ቺዙሩ። «አባባ ሳዋኪ አስተምረዋታል። ጢስ ፈልጉ፤ ጢሱ ካለበት እሷ አለች።»

ስለዚህ ሃያ ጎልማሳ ከተራራው ግርጌ ባለው ድልድይ ላይ ተገትሮ ተራራውን ይቃኛል። አባባ ሳዋኪ የተባልኩት እኔ ነኝ። ጡረታ የወጣሁ አናጺ ስሆን፣ በመንደራችን ትንሽ ሙዚየም የጥንት ሰዎችን አኗኗር ልጆችን በእጃቸው እያሠራሁ አስተምራለሁ። ሸክላ ያበጃሉ፣ የዱር ፍሬ ይፈጫሉ፣ እንጨት በእንጨት ላይ አሽከርክረው እሳት ያወጣሉ።

እኛ ዘንድ አንድ ልጅ ሳይሳካለት ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ሌሎቹም እሱ እስኪጨርስ ተደርድረው ይጠብቃሉ። ባለፈው ነሐሴ ሳይሳካላት የቀረችው ኮሃሩ ነበረች።

«ኮሃሩ፣ እስክናረጅ ልንጠብቅሽ ነው?» አላት አንዱ ጓደኛዋ፤ ሁሉም ሳቁ።

ከንፈሯን ነክሳ ማሽከርከሯን ቀጠለች። አንጀቴ አልቻለም። ላቧን ለመጥረግ ዓይኗን ስትጨፍን፣ እግሬ ሥር ከሚጨሰው የትንኝ ማባረሪያ ፍሟን ቆርሼ ደረቁ ሣር ውስጥ ሸጎጥኩላት። «እፍ በይ» አልኳት። ነደደ። እንደዚያ ቀን ደስ ያለው ልጅ አይቼ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት መጥታ «አባባ፣ እንዳልረሳው ልለማመድበት» ብላ የእሳት ማውጫ እንጨቱን ስትለምነኝ፣ እኔ ጅሉ በኩራት አውሼ ሰደድኳት።

«ዝም ብለን ሰው ብንበትን ገደል ይገባብናል» አለ ኦኖዴራ። «ጢሱ እስኪታይ እንጠብቅ።»

መናገር ነበረብኝ፤ ግን ልጆቻቸውን አምነው የሰጡኝ ሰዎች ፊት ውሸታም መባሉ አስፈራኝ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ዝም አልኩ። ለዚያች ግማሽ ሰዓት ራሴን ይቅር አልልም። በረዶው እየወፈረ ሲሄድ ግን አላስቻለኝም።

«ጢስ አይወጣም» አልኩ።

ኦኖዴራ ዞረ። «ምን ማለትዎ ነው?»

«እሳት ማውጣት አትችልም። ነሐሴ ላይ ተደብቄ የለኮስኩላት እኔ ነኝ።»

ቺዙሩ አየችኝ። በጥፊ ብትለኝ በወደድኩ። አንቱ እያለችኝ የኖረች ሴት «አንተ ሽማግሌ፣ ይህን ሁሉ ሰዓት እያወቅህ ቆመህ ታያለህ?» አለችኝ። ኦኖዴራ ሰዎቹን ለሦስት ከፍሎ ወደ ጫካው አስገባቸው፤ እኔም በሚያነክስ ጉልበቴ ተከተልኩ።

ሊመሽ ሲል አንድ ቋጥኝ ሥር አገኘናት። ከመንገዱ ሦስት መቶ እርምጃ እንኳ አትርቅም። መመለስ ትችል ነበር፤ አሁን ይነዳል፣ አሁን ይነዳል ስትል ነው እዚያው የቀረችው። ከንፈሯ ጠቁሯል፣ የመዳፏ ቆዳ ተገሽልጦ እንጨቱ በደም ርሷል። እናቷ ካፖርቷን ከፍታ እደረቷ ላይ ለጠፈቻት። ልጅቷ ዓይኗን ስትገልጥ ያየችው እኔን ነው።

«አባባ፣ ልክ እንዳስተማሩኝ ነው ያደረግሁት» አለች፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ። «ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?»

«አልተሳሳትሽም፣ ልጄ። ያኔ የለኮስኩልሽ እኔ ነኝ።»

በደም የራሰውን እንጨት አየች፤ መልሳ እኔን።

«ታዲያ እኔ አንድም ቀን እሳት አላወጣሁም?»

«አንድም ቀን» አልኳት።

ፊቷን እናቷ ደረት ውስጥ ቀበረች። ተሸክመዋት ቁልቁል ሲወርዱ ዞራ አላየችኝም።