ከቆጥ ላይ የተቀረጸው

ፓንግ መንገዱን ስታቋርጥ አንድ ሞተር ብስክሌት የቀሚሷን ጫፍ ነክቶ አለፈ። ዞራ እንኳ አላየችውም። ሌላ ጊዜ ሃኖይ ስትመጣ ከአስፋልቱ ዳር ቆማ የሚያሻግራት ሰው ነበር የምትፈልገው። ዛሬ ግን ንዴቷ ከፍርሃቷ በለጠ። ከተራራው ስድስት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዛ የመጣችው ሁለት ሰዎችን አውሮፕላን ከመሳፈራቸው በፊት ለማግኘት ነው።

ስልኳ ጮኸ። ለጎብኚዎች መንገድ መሪነት የቀጠረቻት ወይዘሮ ንጋ ነበረች።

"አንቺ ሴትዮ፣ ደንበኛ አሳደሽ ሃኖይ ወረድሽ የሚሉት እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"ክፉ ነገር ቢጽፉብን ማን ይመጣልናል? በይ ይቅርታ ጠይቂያቸውና ተመለሽ።"

"ጠያቂዋ እኔ ነኝ?" አለችና ዘጋችው።

ዮሪስና ሊስቤት ከቤልጂግ የመጡ ባልና ሚስት ናቸው። ሻንጣቸውን በጀርባቸው አዝለው ሦስት ቀን ሙሉ ተከትለዋት ወገኖቿ በሆኑት በተራራው የህሞንግ ሕዝብ መንደሮች ዞረዋል። ሊስቤት እግሯ ሲላጥ ፓንግ ቅጠል ቀጥቅጣ አስራላታለች። በመጨረሻው ምሽት እሷው ቤት፣ እንግዳ በሚያድርበት ቆጥ ላይ አሳደረቻቸው። ያን ዕለት አማቷ አዛውንቱ ሉ ከሆስፒታል ከወጡ አምስተኛ ቀናቸው ነበር። ሳንባቸውን ታመው ሁለት ሳምንት ተኝተዋል። ቤተሰቡ እንደ ወጉ ነፍስ ጠሪ አስመጥቶ፣ ዶሮ አርዶ፣ በሕመሙ ደንግጣ የራቀችውን ነፍሳቸውን ወደ ቤቷ ሲያስጠራ እንግዶቹ ማየት ፈለጉ። "ማየት ትችላላችሁ፤ ካሜራ ግን አይቻልም" አለቻቸው። ሁለቱም እሺ አሉ።

በሳምንቱ ባሏ ቱ ስልኩን አሳያት። እንግዶቹ የለጠፉት ቪዲዮ ከቆጥ ላይ ቁልቁል የተቀረጸ ነበር። ሽማግሌው ከነብርድ ልብሳቸው ይንቀጠቀጣሉ። ከሥር "ሐኪም የማያውቅ መንደር፤ ለሚሞተው ሽማግሌ ያላቸው ዶሮ ብቻ ነው" የሚል ጽሑፍ አለ። አዛውንቱ ምን እንደሚል ጠየቁ፤ ቱ ሊዋሻቸው ሞክሮ አቃተው። ሠላሳ አንድ ዓመት የወረዳው ጤና ሠራተኛ ነበሩ። የክትባት ሣጥን ተሸክመው ከመንደር መንደር የወጡ የወረዱ፣ የአካባቢውን ልጅ ሁሉ፣ ፓንግን ራሷን ሳይቀር፣ የከተቡ ሰው ናቸው። "መድኃኒት የማላውቀው እኔ ነኝ?" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያን ቀን እህል አልቀመሱም።

ባልና ሚስቱን ሲሰናበቷት ከነገሯት ማረፊያ ቤት ፊት ለፊት፣ ትንንሽ የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ተቀምጠው የፎ ሾርባ ሲበሉ አገኘቻቸው። ሊስቤት ዘላ ተነሳችና ልታቅፋት እጇን ዘረጋች።

"ፓንግ! አንቺ እዚህ?"

"አታቅፊኝ። ያንን ቪዲዮ አጥፉት።"

ሊስቤት እጇን መለሰች። ዮሪስ ማንኪያውን አስቀመጠ። "የቱን? የአማትሽን? እኛ እኮ መጥፎ ነገር አላልንም። መቶ ሺህ ሰው አይቶታል። ስንቱ እንዳለቀሰ ብታውቂ!"

"ማንን አይቶ ነው ያለቀሰው? መቶ ሺህ ሰው ቤቴ ሲገባ አንድ እንኳ በሬን ያንኳኳ የለም።"

"ፊታቸውን እናደብዝዘው?" አለች ሊስቤት ቀስ ብላ።

"ፊታቸው ምን አጠፋ? መደብዘዝ ያለበት ጽሑፋችሁ ነው። መድኃኒታቸውን ማታና ጠዋት ሲውጡ አላየሽም? ውሃውን ያቀበልሻቸው አንቺ አይደለሽም?"

ሊስቤት አቀረቀረች። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። "እውነቷን ነው። ነግሬህ ነበር።"

"ታዲያ ዶሮውስ?" አለ ዮሪስ ፊቱ ቀልቶ። "እሱም እውነት አይደለም?"

"እውነት ነው። ሐኪሙ ሳንባቸውን ያክማል፣ እኛ ነፍሳቸውን እንጠራለን። አብረው ቢሄዱ አንተን ምን አስጨነቀህ? የእኔን ቤት ግማሹን ቆርጠህ ጥለህ በግማሹ ነው ያስለቀስከው።"

ሾርባ ሻጯ ጭልፋዋን እንደያዘች ቆማ ታዳምጥ ነበር። ሊስቤት ስልኩን ከባሏ እጅ ወሰደች። አውራ ጣቷ አንድ ጊዜ አመነታና ነካችው። "ጠፍቷል" አለች። "ፓንግ፣ ይቅርታ። ግን ሌሎች ሰዎች ቀድተው ለጥፈውታል። እሱን ማጥፋት አንችልም።"

ፓንግ ይህን አላሰበችውም ነበር። በአውቶቡሱ ጉዞ ሁሉ ስታሰላስል የመጣችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይጠፋል፣ እሷም ትመለሳለች። ስልኳ እንደገና ጮኸ። ወይዘሮ ንጋ ናት። ድምፁን አጥፍታ ኪሷ ከተተችው፤ ከዚያ አንዷን ባዶ ወንበር ስባ ከፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

"ካሜራህን አውጣ" አለችው ዮሪስን።

"ምን?"

"ቅረጸኝ። የዋሸኸውን ባየው ሰው ሁሉ ፊት ነው የምናገረው። ሳትቆርጥ ታወጣዋለህ።"

ዮሪስ ሚስቱን አየ። ሚስቱ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ስልኩን ከፍ አደረገ። "እሺ። በእንግሊዝኛ ጀምሪ፤ ሰው እንዲገባው።"

ፓንግ የራስ መጠምጠሚያዋን አስተካከለች። እንግሊዝኛውን ከጎብኚ አፍ እየለቀመች አሥር ዓመት ተምራዋለች፤ ሲጠሯት አቤት ለማለት፣ ሲደክማቸው ለማጽናናት።

"በቋንቋዬ ነው የምናገረው" አለች። "እንዲገባው የፈለገ አስተርጓሚ ይፈልግ።"

ቀና ብላ ካሜራውን አየችና በህሞንግኛ ጀመረች።