ሁለት ምርቃት

አዲሱ መምህር ጠመኔውን ይዞ፣ "ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው?" ብሎ ሲጠይቅ ክፍሉ እንደ ተቆለፈ ሱቅ ጭጭ አለ። ሁሉም ዞር ብሎ ጥጉ ላይ የተቀመጡትን እማማ መርፌን አየ። እዚህ ክፍል ልጁም ተሸካሚውም አብሮ ይማራል፤ እማማ መርፌ ደግሞ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሲሰፉ ያረፍዱና ከሰዓት በኋላ ትምህርት ይመጣሉ፤ መጥተውም ይተኛሉ።

ፌንጣ መልሱን ታውቀዋለች። ፌንጣ የተባለችው አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንላት ነው፤ ምላሷም ከእግሯ አይተናነስም። ግን በዚያ አገር ልማድ ታላቅ ሳይናገር ታናሽ አፉን አይከፍትም። የክፍሉ ታላቅ እማማ ደግሞ እያንኮራፉ ነው።

መምህሩ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነው። እሱ ባደገበት ቀድሞ የጮኸ ነው ጎበዝ የሚባለው። ዝም ያለ ሁሉ ምንም የማያውቅ ይመስለዋል፣ ምስኪን።

"ነገ ዳይሬክተሩ ይመጣሉ" አለ። "እንዲህ ድንጋይ ከሆናችሁባቸው ሁላችሁንም አንደኛ ክፍል ነው የሚመልሷችሁ።"

ፌንጣ ክው አለች። አንደኛ ክፍል ያለችው ታናሽ እህቷ ናት። ከእሷ ጋር አንድ ወንበር ላይ ከመቀመጥ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ይሻላል፤ ያቺ ልጅ እንኳን እንዲህ ያለ ወሬ አግኝታ እንዲሁም አፏ አያርፍ።

ከክፍል ሲወጡ ተከተለችው።

"መምህር፣ ነገ መጀመሪያ እማማን ይቀስቅሷቸው።"

"የእሳቸው እንቅልፍ ካንቺ ሂሳብ ጋር ምን አገናኘው?"

"እሳቸው ሳይመልሱ እኛ እንዴት እንመልሳለን?"

"አሃ፣ ከእሳቸው ልትኮርጂ ነው?" ብሏት መንገዱን ቀጠለ።

ለተማረ ሰው ማስረዳት ትዕግሥት ይጠይቃል።

በማግስቱ ዳይሬክተሩ መጥተው በሩ አጠገብ ቆሙ። መምህሩ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ። ክፍሉ ጭጭ። ፌንጣ ለዚሁ ብላ እማማ አጠገብ ተቀምጣ ነበርና በክርኗ ጎሸም አደረገቻቸው።

"እ? ምንድን ነው?"

"ሰባት ጊዜ ስምንት ነው እማማ።"

"ሃምሳ አራት" አሉ እማማ መነጽራቸውን እያስተካከሉ፣ የነቁበትን ጉዳይ በጨረሰ ሰው ድምፅ።

"ሃምሳ አራት" አለ ክፍሉ ሁሉ ተከትሎ። አንዱ ተሸካሚማ "እውነታቸውን ነው" ብሎ አከለበት።

ዳይሬክተሩ እስክሪብቷቸውን ከኪሳቸው አወጡ። መምህሩ አንገቱን ደፋ።

ታላቅን ማረም ነውር ነው። ግን ያቺ እህቷ ደግሞ አለች። ፌንጣ ብድግ አለች።

"እማማ እንዳሉት ሃምሳ አራት ነው። ግን እማማ ጨርቅ ሲቆርጡ ትንሽ ሳያተርፉ አይቆርጡም። ሁለት ምርቃት ሲጨመርበት ሃምሳ ስድስት።"

እማማ ጥቂት አሰቡ። "እውነቷን ነው" አሉ፤ "ምርቃቷን ዘንግቻት ነው።"

"ሃምሳ ስድስት" አለ ክፍሉ በአንድ አፍ።

መምህሩ አንዴ እማማን፣ አንዴ ፌንጣን አየ። ከዚያ፣ ምን እንደ ገባው እንጃ፣ ጠመኔውን አስቀምጦ ለእማማ ጎንበስ አለ።

"እማማ፣ ከፈቀዱ የሚቀጥለውን ልጆቹ ይመልሱ?"

"ይመልሱ እንጂ፤ እኔም ትንሽ ልረፍ።"

"ዘጠኝ ጊዜ ስድስት?"

ክፍሉ ያን ሁሉ ቀን ያፈነውን ድምፅ ለቀቀው። "ሃምሳ አራት!" መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ዳይሬክተሩ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው እስክሪብቷቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ፤ ፌንጣም ወንበሯ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።

እማማ መርፌ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ "ቅድም ምን አልኳችሁ?" አሉ።