ራሱ ለታላቅ፣ እግሩ ለታናሽ

ባሌ ብልጥ ነኝ ባይ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ከዳር ዳር ሲያሻግርበት የኖረውን የጀልባ ሞተር፣ ሊሞት ሲል ለሁለት ልጆቹ እንደ ሥጋ መድቦ ሰጣቸው። ራሱን፣ ቤንዚን የሚጠጣውንና የሚጮኸውን፣ ለታላቁ። እግሩን፣ ውሃ ውስጥ የሚገባውን ከነውልብልቢቱ፣ ለታናሹ።

«አንዱ ያለ አንዱ እንዳይንቀሳቀስ ብዬ ነው» አለኝ፣ ጠቢብ የሆነ መስሎት ዓይኑን ጨፈን አድርጎ።

ሰው በብሎን የሚታሰር ይመስል! «አንተ ሰውዬ፣ እነዚህ ልጆች አንድ ብርድ ልብስ እንኳ ተካፍለው አልተኙም» አልኩት፤ አልሰማኝም። መች ሰምቶኝ ያውቃል? ሞተና ተገላገለ፤ ጣጣውን ለኔ ጥሎ።

ከቀብር መልስ ተጣሉ። ታላቁ «እግሩን አምጣ» አለ፤ ታናሹ «አንተ ራሱን አምጣ» አለ። የሞተሩ ራስ በታላቁ ዕቃ ቤት፣ እግሩ በታናሹ አልጋ ሥር ዛገ። መንገድ ላይ ቢገናኙ አንዱ ወደ ሰማይ፣ አንዱ ወደ ጫማው ያያል። ሁለቱም «እማዬ፣ እኔ ጋ ኑሪ» ይሉኛል፤ እኔ ግን ካንዱም አልገባሁ። አንዱ ጋ ብገባ ከሌላው መቆራረጤ አይደል? ውሃው ዳር ካለችው ቤቴ ንቅንቅ አላልኩም።

ኋላ ደረቴን ሲያመኝ ሁለቱንም አስጠራሁ። ሕመሙ እንኳ ያን ያህል አልነበረም፤ እኔ ግን አጋነንኩት።

«ስሙ። ሳልሞት ስትነጋገሩ ልስማ። ያባታችሁን ሞተር እዚህ ግቢዬ አምጡና ጠግኑ። ሌላ ነገር አልፈልግም፤ ብርቱካንም አታምጡልኝ።»

አመጡ። ፒስተኑ ከዝገት ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። እሳት በሚለኩሰው በካንዴላው ቀዳዳ ዘይትና ናፍጣ አንቆርቁረው እንዲርስ ተዉት። ከዚያ ሥራ ተጀመረ፤ የሚነጋገሩት ግን በኔ በኩል ነበር።

«እማዬ፣ ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፣ በመዶሻ አይንካው። ይሰነጠቃል» ይላል ታላቁ።

«እማዬ፣ ለዚህኛው ሰውዬ ንገሪው፣ መዶሻውን የያዘው እሱ ራሱ ነው» ይላል ታናሹ።

«የስልክ ሽቦ መሰልኳችሁ እንዴ? ሁለታችሁንም ከነጆሯችሁ ነው የወለድኳችሁ!»

አንድ ቀን ፒስተኑ ቀጭ ብሎ ለቀቀ። ሁለቱም ባንድ ጊዜ «ሄደ!» አሉ፤ ደንግጠው ተያዩና ሳቁ። ከዚያ በኋላ እኔን ትተው እርስ በርሳቸው ያወሩ ጀመር። ታናሹ የካርቡሬተሩን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ይወጋል፣ በአፉ ይነፋል፣ እንደገና በቤንዚን ያጥባል። ታላቁ ደግሞ የሞተሩን እግር ቆዳ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል፤ ፈታትቶ ውስጡን እያየ ርዝመቱን፣ ውፍረቱን፣ የማርሹን ጥርስ ብዛት ይለካል። እኔም «ይኼ ልጅ ጠንቃቃ ነው፣ ያባቱን ዕቃ አከበረ» እያልኩ ደስ ይለኛል።

ወሬኛዋ ጎረቤቴ በአጥር ብቅ አለች። «ምነው፣ ልጆችሽ ታረቁ እንዴ?»

«ዓይንሽ ለምን ተፈጠረ? እዪዋ!» አልኳት። አንገቴ ሰማይ ነካ።

የሚፈተንበት ቀን በርሜል ውሃ ሞልተው ሞተሩን ጠርዙ ላይ አሰሩት። ታናሹ ቤንዚኑን ከዘይት ቀላቀለ፤ ታላቁ ገመዱን ሳበ። ዝም። ሳበ። ዝም።

«አየሩን ትንሽ ዝጋለት» አለ ታናሹ።

ተነሳ! ግቢው በጭስ ተሞላ፤ ውሃው ተናጠ፤ እኔን ከራስ እስከ እግር አበሰበሰኝ። ታናሹ እየጮኸ ወንድሙ አንገት ላይ ተጠመጠመ። ታላቁ ቆሞ ታቀፈ። እጁን ግን አላነሳም። አየሁት፤ አይቼም እጁ ቅባት ስለሆነ ነው ብዬ ለራሴ ዋሸሁ።

ሞተሩ ሲበርድ ታላቁ መፍቻውን አንስቶ እግሩን መፍታት ጀመረ።

«ምን ጎደለ?» አለው ታናሹ።

«ምንም።»

እግሩን ፈትቶ፣ በጨርቅ ወልውሎ፣ ወንድሙ ፊት ግድግዳ አስደገፈው። ከዚያ ደጅ ካቆመው መኪናው በጆንያ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ሌላ እግር ነው! ከአሮጌ ብረት ተራ የተገኘ፣ የጎደለው በልኩ ቶርኖ ቤት የተሠራለት። ገጠመው፤ ልክክ አለ።

«ያ አባባ የሰጠህ ድርሻህ ነው» አለው። «ከእንግዲህ አትፈልገኝም፣ አልፈልግህም።»

«ስትለካ የነበረው ለዚህ ነው?» አልኩት።

«እማዬ፣ ጠግኑ አልሽ፤ ጠገንን። ተነጋገሩ አልሽ፤ ተነጋገርን። ምን ቀረ?»

ሞተሩን ጭኖ ሄደ። ታናሹ ግድግዳውን የተደገፈውን ብረት ሲያይ ቆየ፤ አላነሳውም።

በማግስቱ ታናሹ መጥቶ ደጄ ላይ ከጎኔ ተቀመጠ። ውሃው ላይ ያ ሞተር የታላቁን ጀልባ እየገፋ ይሄዳል። ምነው ባነቀው፣ ምነው በተንተባተበ ብዬ ነበር፤ የት አባቱ! እንደ አዲስ ይዘፍናል።

«ስሚው እማዬ፤ አያቋርጥም» አለኝ ታናሹ። «ካርቡሬተሩን እኔ ነኝ ያጠብኩት።»

«ደግ አደረግክ» አልኩት።

ታላቁ ጀልባውን አዙሮ ወደኛ መጣ። «እማዬ፣ ነይ ላንሸራሽርሽ!» አለና ማሰሪያ ገመዱን ወደ ዳር ወረወረ። ገመዱ ጭቃው ላይ ወደቀ። ታናሹ፣ ሞኙ ልጄ፣ ይዞ ሊያስርለት ብድግ አለ።

«ቁጭ በል!» አልኩት።

ቁጭ አለ።