ስምንት ወንበር የተሰጠው ሽማግሌ

ማናልሞሽና አባቷ ጋሽ ባዘዘው የሠርጓን ካርድ ሊያሳትሙ ቴፒ መናኸሪያ ፊት ለፊት ወዳለው የነጅዋ የጽሕፈትና ኅትመት ቤት ሲገቡ፣ ነጅዋ አዲሱ ኮምፒውተሯ ላይ ሁለት ካልኩሌተር ከፍታ ታማርጥ ነበር።

«ይኼኛው ቁልፉ ጥቂት ነው፤ ዓይን አያደክምም» አለች። «ያኛው ሳይንቲፊክ የሚሉት ነው። እዩትማ፣ በቁልፉ ብዛት ጉንዳን የወረረው ይመስላል።»

«እንግዲያው በባለ ጥቂት ቁልፉ የኛን ወንበር አስቢልን» አሉ ጋሽ ባዘዘው። «ወንበሩ ሳይታወቅ የካርዱ ቁጥር አይታወቅም። ለሽማግሌዎች ሃያ፤ ለሌላው እንግዳ ዐሥራ ሁለት ጠረጴዛ፣ በያንዳንዱ ስምንት ሰው።»

ነጅዋ ሃያ ሲደመር ዐሥራ ሁለት ሲባዛ በስምንት ብላ አስገባች። ሁለት መቶ ኀምሳ ስድስት ወጣ።

ጋሽ ባዘዘው ባርኔጣቸውን አወለቁ። እድሩ ያለው ወንበር መቶ ሃያ ነው፤ የከተማው የኪራይ ወንበር ደግሞ ለዚያው እሑድ ለሌላ ሠርግ ተይዟል። የእንግዶቹን ዝርዝር ከኪሳቸው አውጥተው ጣታቸውን ወደ ታች አወረዱ።

«በቃ፣ የጌጫዎቹ ይቅሩ። ሩቅ ናቸው፣ አይቀየሙም።»

ጌጫ ያለችው የማናልሞሽ አክስት የዓለምዘርፍ ናት፤ ስምንተኛ ክፍል እስክትጨርስ ያሳደገቻት፣ ለዚህ ሠርግ ብላ ቀሚስ ያሰፋች። እሷ በሌለችበት ማን እልል ሊል ነው? ግን ከአባቷ ጋር መከራከር አልለመደችም። ድንኳኑን በሐሳቧ ተከለች፣ ጠረጴዛዎቹን ደረደረች፣ ሰዉን ስምንት ስምንት አድርጋ አስቀመጠች። ድንኳኑ አልጠበበም።

«ነጅዋ» አለች ቀስ ብላ፣ «እስቲ በዚያኛውም ሞክሪው።»

ነጅዋ ያንኑ ቁጥር በዚያው ተራ አስገባች። መቶ ዐሥራ ስድስት።

«አንዳቸው ዋሽቷል» አሉ ጋሽ ባዘዘው።

«ያ የመጀመሪያው እኮ ሽማግሌዎቹን ከጠረጴዛው ጋር ደምሮ ነው በስምንት ያባዛው፣ አባዬ። በሱ ቤት አንድ ሽማግሌ ስምንት ወንበር ላይ ይቀመጣል።»

«ወንድሜን ዓባይነህን አይቶ ይሆናላ» አሉ አባቷ። «እሱ እንኳ ሁለት ይበቃዋል።»

ነጅዋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ባለ ጥቂት ቁልፉን ዘጋችው። «ጉንዳን ይውረረው እንጂ ማባዛቱን ያስቀድማል። ከእንግዲህ የኔ ይኼኛው ነው። አራት ወንበርም ተርፏችኋል፣ ጋሽ ባዘዘው።»

«አንዱ ለዓባይነህ ይጨመርለት፤ አንዱ ያንቺ ነው። በይ አትሚው፣ የጌጫዎቹን አስቀድሚ።»

የመጀመሪያው ካርድ ገና ትኩስ ሳለ ማናልሞሽ ይዛው መንገዱን በሩጫ ተሻገረች። በጌጫ በኩል ወደ ማሻ የሚሄደው ሚኒባስ ሞተሩን አስነሥቷል። ካርዱን በመስኮት ለረዳቱ አቀበለችው።

«ጌጫ ስትደርስ ለአክስቴ ለየዓለምዘርፍ ስጥልኝ። ካልመጣሽ አልሞሸርም ብላለች በላት።»