አምስት ጎማ፣ ዘጠኝ ችግኝ

ምኑን ነው የሚያመው?

አያት ይህን ጥያቄ ለራሳቸው ሲያቀርቡ ሳምንት አለፋቸው፤ መልሱ ግን ከየትም አልመጣ። የሚያሳስባቸው አማቻቸው፣ የልጃቸው ባል ነው። ጎሚስታ ነው፤ የከባድ መኪና ጎማ ብድግ አድርጎ የሚያነሳ፣ በር ሲገባ ትከሻውን አዘንብሎ የሚገባ ግዙፍ ሰው። ይህ ሰው ከሰሞኑ ምሳውን ግማሽ አድርሶ ይተወዋል። ማንም ያላየው ሲመስለው ደግሞ ጡጫውን በቀኝ ጎኑ፣ ከጎድን አጥንቱ ሥር ሸጉጦ ትንፋሹን ይይዛል። ሲጠይቁት «ደህና ነኝ እማማ» ነው። ሚስቱ ስትጠይቀው «ደህና ነኝ አልኩ እኮ» ነው። ልዩነቱ ይህቺው ናት።

ለአያት ደግሞ ከታመመ ሰው ይልቅ ደህና ነኝ የሚል ሰው ነው እንቅልፍ የሚነሳቸው። በቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ካስነጠሰ መስኮት የሚዘጉ፣ ሁለቴ ካስነጠሰ ውሃ የሚጥዱ ሴት ናቸው። ልጃቸው «ጤና ጥበቃ» የሚል ስም አውጥታላቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውም ቀልዱን ለምደውት «ጤና ጥበቃ መጣች፣ ካልሲ አድርጉ!» እየተባባሉ ይሯሯጣሉ።

ጓሯቸው ጓሮ ተብላ የምትጠራው ሌላ ስም ስለጠፋላት ነው። ግማሹን የልብስ ማስጫ ገመድ ይዞታል፤ ግማሹን የአማቻቸው የመኪና ማንሻ ክሪክና አሮጌ የጎማ ቸርኬ። የተረፈችው ከግድግዳው ሥር ያለችው ጠባብ ቦታ ናት። ጎሚስታው እሷ ላይ ለቅጠል መትከያ አምስት ያረጁ ጎማዎች ቆርጦ ደረደረና አፈር ሞላላቸው።

«አምስት ብቻ?» አሉ አያት።

«ስድስተኛው ከመጣ እኛ መንገድ ላይ ማደራችን ነው እማማ።»

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሕመሙ ሳይታወቅ አምስት መድኃኒት ቅጠል ብቻ እንዴት ይመረጣል? የተተወው ቅጠል የሚያድነው ሆኖ ቢገኝስ?

ችግኝ በጋሪ የምታዞረው ሴት ደጃፍ ላይ ስትቆም አያት ነጠላ ጫማቸውን እንኳ በቅጡ ሳያጠልቁ ወጡ።

«ለምን የሚሆን ልስጥዎት?»

«ለሆድ።»

«ናና አለ።»

«ለጎንም።»

«እስቲ ዝንጅብል ይሞክሩ።»

«ለደረትም፣ ለትንፋሽም፣ ምግብ ለዘጋውም፣ እንቅልፍ ለነሳውም…»

ሴትየዋ የጋሪዋን እጀታ ለቀቀች። «ኧረ እማማ! የሰውየው ጤነኛው ምኑ ነው?»

«ምላሱ!» አሉ አያት።

በመጨረሻ ዘጠኝ ችግኝ አስወረዱ፤ ጤና አዳም፣ ናና፣ ጦስኝ፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ጠጅ ሳር፣ የጥብስ ቅጠል፣ ካሞሚልና ሬት። ለመሞከሪያ የሚሆን ከየዓይነቱ ተቆርጦም ተጨመረላቸው። ሴትየዋ ተመልሳ ስትመጣ ያልተተከለውን ልትወስድ ተስማሙ።

አያት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል። ከትምህርቱ ሁሉ አጥብቀው የያዙት ደብተር በማስመሪያ ማስመርን ነው። አሁንም ከልጅ ልጃቸው ቦርሳ አንድ ደብተር አውጥተው ሦስት ቦታ ከፈሉት፤ ቅጠል፣ ቀን፣ ውጤት። አንዱን ቅጠል ሁለት ሁለት ቀን ለጎሚስታው ያጠጡታል። እጁን ከጎኑ ላይ ያስነሳው ቅጠል ጎማ ያገኛል፤ ያላስነሳው በጋሪ ይመለሳል።

«ደግሞ ዘመቻ ጀመርሽ?» አለች ልጃቸው ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና ሳትል። ልብስ ሰፊ ናት፤ የፊተኛው ክፍል የእሷ ሥራ ቤት ነው። «ተይው እማዬ፣ ከደከመው ያርፋል።»

«አንቺ ስፊ!»

በናና ተጀመረ። ጎሚስታው ከሥራ ሲገባ ስኒው ጠረጴዛ ላይ ጠበቀው። ጠጣ። አያት እርሳስ ይዘው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ።

«እህ?»

«ፍቱን ነው እማማ። ወዲያው ነው ቀለል ያለኝ።»

«ፍቱን» ብለው ጻፉ። ደስ አላቸው። በጦስኙም ቀለል አለው። በጤና አዳሙ ከናናው የበለጠ ቀለል አለው። በዝንጅብሉ ጊዜማ ደረቱን መታ መታ አድርጎ «እንደ አዲስ ሞተር!» አለ። በስምንተኛው ቅጠል ደብተሩ ላይ ስምንት ፍቱን ተደርድሯል፤ ምሳው ግን አሁንም ግማሽ እየቀረ ነው።

«ስምንት ፍቱን ለአምስት ጎማ» አለች ልጃቸው ክር በጥርሷ እየበጠሰች። «እንግዲህ ዕጣ አውጪላቸው።»

ዘጠነኛው ሬት ነበር። አያት ከቅጠሉ ላይ ጭማቂውን በማንኪያ ጠብ አድርገው በውሃ በጠበጡት። ጎሚስታው በአንድ ትንፋሽ ገለበጠው። መንጋጋው ተቆለፈ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጠረጴዛውን ያዘና፣

«ይሄማ… ግሩም ነው» አለ። «ከሁሉም ይሄ ይሻላል።»

አያት እርሳሳቸውን አስቀመጡ። የስኒውን ቂጥ በጣታቸው ነክተው ላሱና ወዲያው እንትፍ እያሉ ወደ ቧንቧው ሮጡ። ይህን ግሩም ያለ ሰው ምኑን ግሩም አይልም? የሞላው ገጽ ሁሉ ውሸት መሆኑ ያን ጊዜ ገባቸው።

በማግስቱ ጠዋት ስኒም ፔርሙዝም ሳይዙ ወደ ጎማ ቤቱ ሄዱ። ከበሩ ውጪ የአየር መሙያው ያንኮራፋል፤ የማስቲሽ ማጣበቂያ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። አማቻቸው በግማሽ በርሜል ውሃ ላይ አጎንብሶ የውስጥ ጎማ እየነከረ ያሽከረክራል፤ አረፋ የሚወጣበትን ይፈልጋል። አገኘው። በጠመኔ ምልክት አደረገበት። ቀና ሲል ግን ጎኑን ያዘና ከጎማ ክምሩ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ግንባሩ በላብ ተጥለቅልቋል።

«ወደ ብርሃኑ ዙር» አሉት።

«እማማ! እዚህ ምን አመጣዎት?»

«ዙር አልኩህ!»

ዞረ። ሁልጊዜ ሲመሽ በአምፖል ነበር የሚያዩት፤ አሁን ፀሐይ ፊቱ ላይ ናት። የዓይኑ ነጩ ክፍል ነጭ አይደለም። ቢጫ ሆኗል።

አያትም ሌላ ጎማ ላይ ተቀመጡ። ድምፃቸው ሲወጣ ግን ያልደነገጠ መሰለ።

«ልጄ፣ ከነዚያ ቅጠሎች አንዱ ረድቶሃል?»

ጎሚስታው እጁን በሱሪው ጠረገ።

«አንዱስ?»

«ናናው… ሽታው ደስ ይላል።»

«ታዲያ ለምን ፍቱን ነው ትለኛለህ?»

«እንዳይከፋዎት ነዋ! እንደዚያ እርሳስ ይዘው እያዩኝ እንዴት አልሻለኝም ልበል? ደግሞም አልሻለኝም ካልኩ ክሊኒክ ሂድ ሊሉኝ ነው።»

«ክሊኒክ ምን አለ?»

ጎሚስታው ግራና ቀኙን አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መርፌ» አለ።

ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ነበር። ያን የሚያህል ክንድ! ግን አልሳቁም። አሥራ ስምንት ቀን። አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ ውሃ እየጣዱ ከክሊኒክ መሸሸጊያ የሰጡት ማን ሆነና? እሳቸው ለማዳን ሲያፈሉ፣ እሱ ለመደበቅ ሲጠጣ፣ ሕመሙ ሥራውን እየሠራ ነበር።

«አንተ ቀዳዳውን ሳታገኝ ትለጥፋለህ?» አሉት በርሜሉን እያሳዩ።

ጎሚስታው ተነስቶ የአየር መሙያውን አጠፋ። ተከተላቸውም።

ቤት ሲደርሱ ልጃቸው ባሏን መስኮቱ ጋ አቁማ ዓይኑን ተመለከተች፤ ከዚያ የምትለካበትን ሜትር ከአንገቷ አውርዳ ወረወረች። «እኔም እኮ ተይው እላለሁ! ደከመው እላለሁ! ምን ዓይነት ሚስት ነኝ?» የክሊኒክ ካርዱን ከመሳቢያ አውጥታ የስፌት መኪናው ጫፍ ላይ አደረገች። «እስከ እኩለ ቀን ይቀበላሉ። አብሬህ ልሂድ?»

«ሕፃን ነኝ እንዴ?» አለ። ግን አልሄደም። ወደ ጓሮ አልፎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። «ነገ ብሄድስ? ዛሬ ጤና አዳሙን አንድ ጊዜ ብደግመው…»

 አያት እጅጌያቸውን ሰብስበው ወደ ጎማዎቹ ጎንበስ አሉ። ለሦስት ሳምንት ያህል ያቃታቸው ምርጫ አሁን እጃቸው ላይ ቀላል ሆነ። ሬቱ፤ ልጃቸው በካውያ ጣቷን ስታቃጥል የሚቀባ። ናናው፤ ሆድ ሲነፋ። ጦስኙ፤ የልጅ ልጆቻቸው ሲያስላቸው። ዝንጅብሉ፤ መኪና ሲሳፈሩ ለሚያቅለሸልሻቸው ለራሳቸው። ካሞሚሉ፤ እንቅልፍ እምቢ ሲል። ሁሉም የትንሽ ነገር መድኃኒቶች ናቸው፤ ትንሹም ነገር ቤት ውስጥ አይጠፋም።

ጤና አዳሙን እጃቸው ላይ ይዘው ቆዩ። ከሁሉም የሚወዱት እሱን ነው። እናታቸው ለራስ ምታቱም፣ ለቁርጠቱም፣ ለድንጋጤውም የምትሰጣቸው እሱን ነበር። ያስፈራቸውም ይኸው ነው፤ ለሁሉም የሚሆን ነገር አጠገባቸው ካለ ለሁሉም መስጠታቸው አይቀርም። አሽተቱትና ለባለጋሪዋ ከሚመለሱት ጋር አኖሩት።

«የኔስ የትኛው ነው?» አለ ጎሚስታው ከደረጃው ላይ።

«ያንተ እዚህ የለም።»

«እማማ…»

ብዙ የሚሉት ነበራቸው። ሊለምኑት፣ ሊቆጡት፣ ሊያለቅሱበትም ፈለጉ። ግን ያውቁታል፤ አንድ ቃል ከተናገሩ እሱም አንድ ይመልሳል፣ ጨዋታው ይጀመራል፣ ቀኑም በቀልድ ያልቃል። አፋቸውን ገጥመው በካሞሚሉ ሥር አፈር ጠቀጠቁ። ከሚገባው በላይ ጠቀጠቁት።

ከኋላቸው ደረጃው ሲንቋቋ ሰሙ። ቧንቧው ተከፈተ። ረጅም ጊዜ ፈሰሰ፤ የጎማ ጥቁረት ከእጅ ቶሎ አይለቅም። ከዚያ የቁም ሳጥኑ በር ተከፍቶ ተዘጋ። አያት በመስኮቱ ሲያዩ ንጹሑን ሸሚዝ ለብሶ፣ አንድ ቁልፍ አዛንፎ ቆልፎ፣ የስፌት መኪናው አጠገብ ቆሟል። ሚስቱ እግሯን ከመርገጫው ላይ አንስታለች። ካርዱን አነሳው፤ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ሚስቱን አየት አደረገ፣ ትከሻውን አዘነበለና በበሩ ወጣ።