በሚቀጥለው ሳምንት ያልቃል

አሚሃን ስትገባ አክስቷ ቢኒንግ አንድ ገጽ ቀድዳ፣ እንደ ቀንድ ጠቅልላ፣ የተቆላ የሐብሐብ ፍሬ ትሞላበት ነበር። ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑን ይዟል፤ ቀብሩ ሰኞ ነው። አያቷ አባባ ፌርሚን ሳሎን ውስጥ፣ ክዳኑ መስታወት በሆነ ሣጥን ተኝተዋል። ጎረቤቶች እግራቸው ሥር ካርታ ይጫወታሉ።

"ይሄን ወረቀት ከየት አመጣሽው?" አለች አሚሃን።

"ከደረጃው ሥር። አሮጌ መጽሔት ነው። ሳህኑ ለሰው አልበቃ አለኝ።"

አሚሃን ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቁጭ አለች።

ለኮሌጅ ጥናቷ የመረጠችው ከሃምሳ ዓመት በፊት በየሳምንቱ ይወጡ የነበሩ ርካሽ የልቦለድ መጽሔቶችን ነው። ማኒላ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ማርጋ ሊዋናግ የምትባል ደራሲ አገኘች። ታሪኩ ኢሳንግ የምትባል ሴት ወደብ ላይ ቆማ ባሏን ስለመጠበቋ ነው። የመጨረሻውን ክፍል ምስጥ በልቶታል። ይህን ለአያቷ ነገረቻቸው። ዕድሜዋን ሙሉ የዓሣ መረብ ሲጠግኑ የምታውቃቸው ሰውዬ ሳቁ።

"ማርጋ እኔ ነኝ" አሏት። "መጨረሻው ከደረጃው ሥር አለ። ቅዳሜ ነይ፣ አነብልሻለሁ። ብቻሽን ግን እንዳታነቢው።"

ቅዳሜ ፈተና ነበረባት፤ ለሚቀጥለው ሳምንት አለች። በሚቀጥለው ሳምንት መንገዱን ጎርፍ ዘጋው። በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ አረፉ። አሚሃን ይኸው ዛሬ ቅዳሜ መጣች።

ከደረጃው ሥር ባዶ ነበር። ወለሉ ግን አልተጠረገም። አስከሬን ሳይወጣ ቤት አይጠረግም፤ የጠረገ ሌላ ሞት ይጠራል። የሦስት ቀን ወረቀትና ቅርፊት እዚያው ተበትኗል። አሚሃን በጉልበቷ እየሄደች ከወንበሮቹ ሥር ለቀመች።

"ካርታዬን ልታይብኝ ነው የገባችው" አሉ ጎረቤቷ ሽማግሌው ቲኖንግ። ሰዉ ሳቀ። እሳቸውም ጎንበስ ብለው የያዘችውን ወረቀት አዩና ሳቃቸው ቆመ።

"ማርጋ" አሉ። "በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላግባሽ ብዬ ጽፌላት ነበር። 'ባለትዳር ነኝ፣ ጢምም አለኝ' ብላ መለሰችልኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።"

አሚሃን ወደ ሣጥኑ አመለከተች።

ቲኖንግ ተነስተው በሣጥኑ መስታወት ወደ ውስጥ አዩ። "ለካ አንተ ነህ" አሉ ቀስ ብለው።

"መጨረሻውን ያስታውሱታል? ባሏ መጣ?"

ካርታቸውን አስቀመጡ። አሰቡ።

"ማልቀሴን አስታውሳለሁ፣ ልጄ። ለምን እንዳለቀስኩ ግን ጠፋኝ።"

እዚያ ሰፈር ለቅሶ የደረሰ ሰው በቀጥታ ቤቱ አይገባም። ሞት እንዳይከተለው ሌላ ቦታ ጎራ ይላል። የዚህ የናቮታስ ሰፈር ሰው ጎራ የሚለው ዳቦ ቤት ነው፤ ፍሬውን እየበላ ሄዶ ወረቀቱን እዚያ ይጥላል። አሚሃን ሮጠች። ባለ ዳቦ ቤቱ የተጣለውን ወረቀት ሁሉ ለቅሞ ምድጃ ሲያቀጣጥልበት እንደሰነበተ ነገራት። ደረቅ ነው፣ ቶሎ ይያያዛል ብሎ አመሰገናት።

ሰኞ ሣጥኑ ወጣ። ደጃፉን እንዳለፈ ቢኒንግ መጥረጊያ አቀበለቻት።

"ቶሎ ብለሽ ጥረጊና ድረሽብን።"

ሣጥኑ ከነበረበት ሥር አንድ ጥቅል ተገኘ። ዘረጋችው። ኢሳንግ ወደብ ላይ ቆማለች። ሩቅ መርከብ ይታያል። ከገጹ ግርጌ በትንሽ ፊደል እንዲህ ይላል፦ በሚቀጥለው ሳምንት ያልቃል።

ከውጭ ስሟ ተጠራ። አሚሃን መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ወረቀቱን አክስቷ እንደጠቀለለችው መልሳ ጠቀለለችው። ተንበርክካ ቅርፊቱን በጣቷ፣ አንድ በአንድ፣ እያነሳች ሞላችበት። ሲሞላ፣ ለመንገደኛ ስንቅ እንደሚቋጠር፣ አፉን አጥፋ ዘጋችው፤ ይዛውም ሣጥኑን ተከትላ ወጣች።