የታዲዎስ ማርሚታ

ኢያቄም ሥራውን የጀመረው እናቱ ሸዋአየሁ ለፍልሰታ ቅዳሴ ወደ ኡራኤል እንደወጣች ነው። ሐኪሙ ጾሙን ተዪው ቢላትም ከቅዳሴው ግን ማን ያስቀራታል። ተጀምሮ እስኪያልቅ ሦስት ሰዓት ያህል አለው። እሷ ሳትመለስ የወንድሙን የታዲዎስን ሴሊካ መኪና የጭስ ማውጫ፣ ማርሚታውን አውርዶ፣ ከፋብሪካ አብሮት የመጣውን ዝምተኛውን መልሶ መግጠም አለበት።

ታዲዎስ ከሞተ ነገ አርባ ቀኑ ነው። እናቱ ግን አልሰማችም። ለሥራ ሐዋሳ ሄዶ በድንገት ታሞ ሲያርፍ፣ እሷ ልቧን ታክማ ከሆስፒታል ከወጣች ገና ሳምንቷ ነበር፤ ድንጋጤ እንዳይነካት ተብሏል። አጎታቸው ጋሽ ወልደአማኑኤል ዘመዱን ሰብስቦ "ትንሽ ትጠንክርና መርዶው ይነገራታል" አለ። እዚያው ሐዋሳ ቀበሩት። ለእሷ ጅቡቲ ተልኳል፣ ስልክ አይሠራለትም ተባለ። ትንሽ ትጠንክር፣ ከጾሙ በኋላ ይሁን፣ ዘመን ይለወጥ እያሉ በቃ አርባው ደረሰ። የነገውንም ፍትሐት እሷ ከማትሄድበት ደብር ቀጥረውታል። ኢያቄም ነገሩን አልወደደውም፤ ግን ተናግሮ ብትሞትበትስ? ያን የሚችል አንጀት የለውም። ሲያለቅስ እንኳ ሻወር ቤት ገብቶ፣ ቧንቧ ከፍቶ ነው።

መኪናው ላንቻ፣ የታዲዎስ ጓደኛ ቡዜ ግቢ ውስጥ ቆሞ ነበር። ቡዜ ቤቱን ሊለቅ ስለሆነ ኢያቄም ሞተሩን ሳያስነሳ በጭነት መኪና አስጭኖ ከኡራኤል ጀርባ ወደሚገኘው ቤታቸው አመጣው። ብታየው ብታየው "ትቶት ሄደ" ይባላል። ጣጣው ድምፁ ነው። ታዲዎስ ያንን አፈ ሰፊ ማርሚታ ካስገጠመ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ተማሮበታል፤ እናቱ ብቻ ገና ከአስፋልቱ ስትሰማው የያዘችውን ጥላ በር ትከፍት ነበር። ልጁ ለበር ክላክስ አድርጎ አያውቅም። አሁን ያንን ድምፅ ሰምታ ብትሮጥና ከመኪናው ኢያቄም ቢወርድ፣ አያድርስ ነው።

በክሪክ አንስቶ፣ ድንጋይ ደግፎ፣ ካርቶን አንጥፎ ከሥር ገባ። ቡሎኖቹን ዝገት በልቷቸዋል፤ ዘይት አጠጥቶ በመዶሻ ሊታገላቸው ነበር ሐሳቡ። ቁልፉን ገና ሲያስነካው የመጀመሪያው ዞረ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ትናንት የተፈቱ ይመስል በጣት ወጡ። "ይሄ ነገር ደህና ነው?" አለ ለራሱ። ማርሚታውን ሊቀበል እጁን ዘረጋና ወዲያው ሰበሰበ። ይፋጃል። መዳፉን ሲያየው ቀልቷል። አርባ ቀን ያልተነሳ መኪና ነው። ፀሐይ አግሎት ነው እንዳይባል፣ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ እንደጠቆረ ነው።

ጨርቅ ጠቅልሎ አወረደውና አጥሩ ሥር አጋደመው። እናቱ መመለሷ ነውና ፈርቶ መቀመጥ አይቻልም። ዝምተኛውን ከሰርቪስ ቤት አውጥቶ ገጠመ፣ ቡሎን አጠበቀ፣ መኪናውን አወረደ። ሲያስነሳው ከጎረቤት ፍሪጅ የበለጠ ድምፅ የለውም። "ተመስገን" ብሎ አጠፋው።

ያኔ ነው ድምፁ የመጣው። ከወደ አስፋልቱ፣ ያው የታዲዎስ ማርሚታ፣ መታጠፊያው ላይ እንደ ልማዱ ሁለት ጊዜ አጓርቶ። የሌላ ሰው መኪና ነው ሊል ፈለገ፤ ግን ያንን ሁለቴ ማስጓራት ከታዲዎስ በቀር ማን ያውቅበታል? አጥሩ ሥር ወደተጋደመው ብረት ዞረ። ገና የጀመረው ካፊያ ሲነካው ይተናል፤ ከአፉም ቀጭን ጭስ ይወጣል።

የግቢው በር ተከፈተ። እናቱ ናት። ለእግረኛ አይደለም የከፈተችው፤ ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አድርጋ ወደ ጎን ቆመች። ድምፁ አጠገቧን አልፎ ገባ። የሚታይ ነገር የለም፤ የጭቃው ውሃ ብቻ ጎማ እንደረገጠው በሁለት መስመር ተከፈለና ሴሊካው ጋ ሲደርስ ሁሉም ጸጥ አለ። እናቱ በሩን ዘግታ ቀረቀረች።

ኢያቄም ልቧ ነው የታየው። ሮጦ ሊደግፋት ሲል በእጇ መለሰችው።

"እማዬ ተቀመጪ፤ ማለቴ፣ እኔ..."

"ደህና ነኝ" አለች፣ ድምፅዋ ሳይናወጥ። "ከቤተክርስቲያኑ ጀምሮ በእግሬ ልክ ቀስ እያለ ነው የሸኘኝ። እናንተ እንቢ ስትሉ ጊዜ ራሱ ነገረኝ።"

ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አዙራ እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለበሰችው።

"ነገ አርባው ነው አለኝ። ያለ እኔ ልታወጡለት ነበር?"

ኢያቄም ዓይኗን ሽሽት ጎንበስ ብሎ መዳፉን ማርሚታው ላይ አሳረፈ። ቀዝቅዟል።

"አጎትህን ጥራው" አለችው። "መርዶ ነጋሪ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም። አብሮኝ የሚያለቅስ ሰው ነው የምፈልገው።"

አርባ ቀን ሙሉ ድምፁን ውጦ የከረመው ኢያቄም፣ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ሰፈሩ እስኪሰማ "ወንድሜን" እያለ አለቀሰ።